ቅቤው ከተነጠረ በኋላ

ልጄ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ባለው ግቢ የቤት ኃላፊ ሆነሽ መቀጠርሽን እናትሽ በስልክ ስትነግረኝ እልልታዬ ጎረቤት አስደነገጠ። ማታ ጋደም ስል ግን ሐሳብ ያዘኝ። ካቴሪንግ ተምረሻል፤ አልጋ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ገበታ እንዴት እንደሚሰናዳ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ በየካ ግቢዎች ውስጥ፣ ከቀበና እስከ ኮተቤ፣ በሐበሻውም በፈረንጁም ቤት 31 ዓመት ስሠራ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት አለ። ሰኞ ከመግባትሽ በፊት እንዲደርስሽ ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ቁልፉን ይሰጡሻል። የጓዳው፣ የዕቃ ቤቱ፣ የናፍጣ ማስቀመጫው ቁልፍ አንድ ላይ ታስሮ ስትራመጂ ድምፁ ይቀድምሻል። ብዙ ሰው ሥራው እሱ ይመስለዋል፤ ቆልፎ መክፈት፣ ከፍቶ መቆለፍ፣ የጎደለ ዕለት «ማን ወሰደው?» ብሎ መጮህ። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር፤ የቅቤው ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ኃላፊ በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ፋሲካ ሊደርስ ሰሞን እመቤቲቱ 5 ኪሎ ለጋ ቅቤ ከሾላ ገበያ አስገዙ። እኔ መዝኜ ተቀበልኩ፣ መዝኜ ለወጥ ቤቷ ሰጠሁ። ወጥ ቤቷ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ እጇ የሚጣፍጥ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ነበረች። በኮረሪማውና በኮሰረቱ አድርጋ አነጠረችው፤ ሽታው እስከ በር ድረስ ወጣ። በማግስቱ እመቤቲቱ ማሰሮውን አስመዘኑ። 4 ኪሎ ሆነ። «አንዱ ኪሎ የት ገባ?» ብለው ሁለታችንንም ጠሩን። እኔ ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እኔ የሰጠኋት 5 ኪሎ ነው» አልኩ። ቃሉ እውነት ነበር። ሴትዮዋ ግን በዚያ እውነት ተፈረደባት። በየካ ሚካኤል ማለች፤ ማንም አልሰማትም። በሕማማቱ ሳምንት፣ ዘመድ ሁሉ ወደ ቤቱ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ቤት ቅቤ ገዝቼ፣ ለብቻዬ በሬን ዘግቼ፣ ከመነጠሩ በፊትና በኋላ መዘንኩት። ያው አንድ አምስተኛው ግድም ጎደለ። ለጋ ቅቤ ውኃ ይዟል፤ አሬራው ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም፤ እሳት ላይ ሲወጣ ውኃው ይተናል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ አተላው ከታች ይቀራል። የሰረቀው እሳቱ ነበር። ሾላ ወርጄ፣ ላምበረት ሄጄ፣ የምታድርበትን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ልጄ፣ ደብተር የምትይዢው ሌባ ለመያዝ እንዳይመስልሽ። ሌባ ያለ ደብተርም ይያዛል። ደብተሩ የሚያስፈልገው ያልሰረቀው ሰው በተጠረጠረ ቀን የሚመሰክርለት እንዲኖር ነው። ስለዚህ የገባውን ብቻ ጽፈሽ አትተዪው፤ ሥራ ላይ ውሎ የሆነውንም ጻፊ። ቡና ሲቆላ ከ1 ኪሎ ላይ ከ150 እስከ 200 ግራም ያጣል፤ አጥቁራችሁ የምትቆሉ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ዛላ በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ሲታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ በየደረጃው ይቀንሳል። ጤፍ ሲበጠርና ሲነፋ ይጎድላል። ሽንኩርት ሲላጥ፣ ሥጋ ከአጥንት ሲለይ እንዲሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን በራስሽ ቤት፣ በራስሽ ሚዛን መዝነሽ ጻፊ። በሁለተኛው ዓመት እመቤቲቱ «ይሄ አነሰ» ሲሉ ገጹን ገልጠሽ ታሳዪያቸዋለሽ፤ ወጥ ቤቷም አንገቷን ደፍታ አትቆምም።

የፈረንጅ ቤት ሌላም ነገር አለው። አንድ ጊዜ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጡ አሠሪዎች የጋዝ ሲሊንደሩ ቶሎ ቶሎ እያለቀ መሆኑን አይተው «ምግብ አብሳዩ ጋዝ ይሸጣል» ብለው ጠረጠሩ። እውነቱ ግን ባቄላውም ሥጋውም እነሱ ከለመዱት ጊዜ በላይ እሳት ላይ ይቆያል። ይሄ የየካ ነገር ነው። የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል። ፈላ ማለት እንደ እነሱ አገር ጋለ ማለት አይደለም፤ ጥራጥሬ ለመብሰል የግድ ይቆያል። ይህን ያስረዱልኝ በአቅራቢያችን የሚኖሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ እኔም ለአሠሪዎቹ አስረዳሁ፤ የግፊት ድስት ተገዛ፣ ሰውየውም እንጀራውን አላጣም። ሰዓቱንም አትርሺ። እነሱ ለእራት እንግዳ 8 ሰዓት ላይ ይመጣል ሲሉ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው። አዲስ ለሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ደግመሽ ንገሪው፤ ስንቱ በዚህ «ሰነፍ» ተብሏል።

ይህ ሥራ ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ከግቢሽ በር ቆመሽ ቀና ብለሽ እንጦጦን እዪው። እዚያ ተራራ ላይ በ1880 ዓ.ም. መስከረም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ ያኔ ገና እቴጌ ያልተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ለቀናት የቆየ ድግስ ደግሰዋል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ጽፈውታል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሲነግሡ፣ ከዚያም ጣይቱ እቴጌ ሲባሉ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ያበላ ያጠጣ ሰው ነበረ። ለዚያ ሥራ የራሱ ሹመትና የራሱ ስም ነበረው። አዛዥ ነበር ማጀቱን የሚያዝዘው። በጅሮንድ ግምጃ ቤቱን ይጠብቅ ነበር። አጋፋሪ እንግዳውን በየማዕረጉ ያስገባ፣ እልፍኝ አስከልካዩ እልፍኙን ይጠብቅ፣ አሳላፊው ያሳልፍ ነበር፤ ወጥ ቤቷ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ እያንዳንዷ በሥሯ ሰው ነበራት። አንቺ ዛሬ የሁሉንም ሥራ በአንድ ትከሻ ልትሸከሚ ነው።

ከዚያ ሥርዓት ውስጥ ልቤን የሚነካው የገበታው ተራ ነው። ግብር ሲበላ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ከዚያ በየደረጃው ያለው፣ ወታደሩም ተራውን ጠብቆ ይገባ ነበር። የፊተኛው ገበታማ መቼም አይጎድልበትም ነበር፤ ንጉሡ ያዩታልና። ማታ ላይ፣ እግሩ አቧራ ለብሶ፣ ከመጨረሻው ዙር ጋር ለሚገባው ሰው እንጀራው ትኩስ፣ ወጡም ወፍራም ሆኖ ይቆየው እንደሆነ የሚያውቀው አዛዡ ብቻ ነበር። እኔ ብሆን አዛዥን የምመዝነው በዚያ ገበታ ነው። አንቺም ቤቱ ውስጥ ዕለት ዕለት የመጨረሻው ገበታ የማን እንደሆነ ፈልጊው። በእርግጠኝነት የምነግርሽ፣ የአትክልተኛው ወይም ትናንት በደላላ የመጣችው ልጅ ነው።

ስለዚህች ልጅ ትንሽ ልቆይ፤ የምጽፈው በዋናነት ስለ እርሷ ነው።

ከገጠር ትመጣለች። ደላላው ያመጣታል፣ ተያዥ ይፈርምላታል፣ ዕድሜዋን «18» ትላለች፤ ፊቷ 14 ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 አድርጎታል፣ የቀን ሥራ ከ8 ሰዓት፣ የሳምንቱም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ልብ በዪ፣ ይኸው አዋጅ የቤት ሠራተኛን ቅጥር ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ስለዚህ አሠሪው «ሕጉ እናንተን አይመለከትም» ቢል የሚለው ነገር አለው። ግን ጨርሶ ሕግ የለም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ሲናገር፣ አሠሪው ማደሪያውንና ምግቡን፣ የሥራና የዕረፍቱንም ሰዓት የሠራተኛው ጤንነት እንዳይጎዳ አድርጎ ማሰናዳት እንዳለበት ይደነግጋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2003 ዓ.ም. ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አውጥቷል። ጠበቃ ሁኚ አልልሽም። ይህን ያህል ካወቅሽ ግን ከእመቤቲቱ ጋር ቁጭ ብለሽ «እትዬ፣ አንድ ገጽ እንጻፍ» ለማለት ድፍረት ታገኚያለሽ።

ገጹ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ደመወዟ ስንት ነው፣ በስንተኛው ቀን ይከፈላል፣ የት ታድራለች፣ ማታ በስንት ሰዓት ሥራዋ ያበቃል፣ በሳምንት የትኛው ቀን የእርሷ ነው። ጳጉሜንንም አትርሺ። የእኛ ሠራተኛ በወር 30 ቀን ቆጥሮ ሲቀበል 5ቱ ወይም 6ቱ የጳጉሜን ቀን በነጻ የተሠራ ሆኖ ያልፋል፤ በፈረንጅ ወር የሚከፍል ቤት ደግሞ ይህ ጭቅጭቅ የለበትም። ከመጀመሪያው ቁርጡን አስቀምጪ፤ ዓመት ዞሮ መስከረም ላይ ቂም እንዳይሆን። ደመወዙ በእጇ ወይም በራሷ ቴሌብር ይግባ፤ ለደላላም ለአጎትም አይሰጥ።

መታወቂያዋን ወስደሽ መሳቢያ ውስጥ አትቆልፊ። ቤይሩትና ጅዳ የሄዱ እህቶቻችን ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ተይዞ ያዩትን መከራ ስንሰማ ስናለቅስ ኖረናል። በራሳችን ሰፈር፣ ሰርቪስ ውስጥ ላለችው ልጅ ያንኑ ብናደርግባት ለቅሷችን ምን ይባላል? ኮፒ አድርገሽ ዋናውን መልሺላት።

ማታ ትምህርት ልማር ካለች ሰዓቱን አመቻቺላት። ቀላል አይደለም፤ እራት የሚቀርብበት ሰዓት ነውና ግቢው ይጎረብጠዋል። እኔ ለአንዷ የእራቱን ዕቃ ማጠብ ለጠዋት አዛውሬ፣ ሦስት ዓመት እመቤቲቱን እየለማመጥኩ አስተማርኳት። ዛሬ ነርስ ናት። የደም ግፊቴን የምትለካው እርሷ ናት።

አሁን ስለ ከሰል ልንገርሽ፤ ይሄንን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የእንጦጦ ሥር ብርድ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ጥበቃው ጎጆው ውስጥ፣ ልጅቱ ሰርቪሷ ውስጥ፣ የሚሞቃቸው ሲያጡ ምድጃ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ይተኛሉ። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል፤ ተኝተው ሳይነቁ ይቀራሉ። «ከሰል አታስገቡ» ብለሽ ተናግረሽ ብቻ አትሂጂ፤ የበረደው ሰው ምክር አይሰማም። ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ በጀት ውስጥ አስገቢ፣ ለጥበቃው ካፖርትና ሌሊት የሚጠጣበት የሻይ ፔርሙዝ። የሰርቪሱን መስኮት አይተሽ የተሰበረውን መስተዋት አስገጥሚ፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ከልክዪ። እኔ ኃላፊ በነበርኩበት ግቢ ሳይሆን በጎረቤታችን አንድ ወጣት ጥበቃ በዚህ ሕይወቱ ጠፍቷል። ጠዋት በሩን የሚከፍት ጠፍቶ መኪናው ውጭ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ የሰማሁት ድምፅ አሁንም አልለቀቀኝም።

የግቢውን ሥራ በአጭሩ ልለፈው፣ ስትገቢ ራሱ ያስተምርሻል። ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳውን አስጠርጊ፤ ከላይ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል፣ ሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ቅጠሉ አሸንዳውን ደፍኖ ውኃው ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። የውኃ ፈረቃችሁን ቀን ለይተሽ እወቂ፣ ሮቶው በዚያ ሌሊት ይሙላ፤ ዓመት በዓል ዋዜማ ላይ ግን ፈረቃን አትመኚ። ጄኔሬተሩን መብራት ባይጠፋም በሳምንት አንዴ አስነሺው። ሊጡ በክረምት ቶሎ አይቦካም፤ ጋጋሪዋን በአንድ ቀን ቀደም ብላ እንድታቦካ ንገሪያት እንጂ «እንጀራሽ ዓይን የለውም» ብለሽ አትቆጪያት። ሌሊት ጅብ ከተራራው ይወርዳልና ቆሻሻው ውጭ አይደር።

ቆሻሻ ካነሳሁ፣ ኅዳር 12ን ልንገርሽ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ግቢ የምናጸዳው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ጭሱን አልወድም፤ ጽዳቱን እወዳለሁ። በዚያ ሰሞን ጓዳውን ገልብጠሽ ጊዜው ያለፈበትን አውጪ፣ ፍራሽ አስወጥተሽ ፀሐይ አስመቺ፤ የጌቶችን ብቻ ሳይሆን የሰርቪሱንም ፍራሽ። ግን ቀኑ የሚካኤል ነው። የካ ሚካኤል ይነግሣል፣ ከሠራተኛው ግማሹ ታቦት ሊሸኝ ይፈልጋል። ስለዚህ ጽዳቱን ቀደም ብለሽ ጨርሺና ያን ዕለት ልቀቂያቸው። ሙስሊሙ ሠራተኛ ደግሞ ለኢድና ለዐረፋ እንዳይለምንሽ፣ አንቺ ቀድመሽ ጠይቂው፤ በዚያ ቀን የእርሱን ሥራ የሚሸፍን ክርስቲያን መድቢ፣ በፋሲካም እርሱ ይሸፍናል። ይህን በዓመቱ መጀመሪያ ካሌንደር ላይ ከጻፍሽ ቤቱ ውስጥ በበዓል ሰሞን የሚኮራረፍ አይኖርም።

ማንም ስለማይመክርሽ ስለ ቤቱ ገመና አንድ ቃል ልበል። የባልና የሚስት ጠብ፣ የልጁ ሱስ፣ የጋሼ ዕዳ በጆሮሽ ይገባል። ለእኔም አትንገሪኝ። እናትሽ ቡና ላይ ብትጠይቅሽም «ደኅና ናቸው» ብለሽ ሌላ ጨዋታ አምጪ። ሠራተኞቹም ለአንቺ የሚነግሩሽ ገመና አለ፤ ያንንም እንደዚያው ለእመቤቲቱ አታውሪ። አንድ ብቻ የማይሸሸግ ነገር አለ። ግቢው ውስጥ በልጅቱ ላይ እጁን ያነሣ ወይም ሌሊት በሯን ያንኳኳ ወንድ ካለ፣ ሹፌርም ይሁን የቤቱ ልጅ፣ ያ ገመና አይባልም። በዚያው ሰዓት ልጅቱን ከዚያ ግቢ አውጪያት፣ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ይዘሻት ሂጂ። ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ። እኔ ቤት አልጋ አለ፤ ለአንቺም ለእርሷም ይበቃል።

አንድ ቀን እንደ እኔ ትሳሳቻለሽ፤ በተጠረጠረ ሰው ፊት ዝም ትያለሽ፣ ወይም እውነት የሆነውን ግማሽ ብቻ ትናገሪያለሽ። ያን ጊዜ እስከ ማግስቱ አትቆዪ። ሰውየው በር ከመውጣቱ በፊት ሩጪ። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ። ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ ከአውቶቡስ የሚወርዱትንና የሚሳፈሩትን ሴቶች ፊት ሳይ የዋልኩባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዴ ነጠላ አጣፍታ ጀርባዋን የሰጠችኝ ሁሉ ያቺ ወጥ ቤት ትመስለኝ ነበር።

እናትሽ እሑድ ስትመጣ ሁለት ነገር እልክልሻለሁ። አንዱ ጥቁር ደብተር ነው፤ መስመሩን እኔ አስምሬዋለሁ፣ በግራ የገባው፣ በቀኝ ከተሠራ በኋላ የሆነው። ሁለተኛው ያ የድሮው ሚዛኔ ነው፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው። መርፌው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከመመዘንሽ በፊት ከኋላ ያለችውን ብሎን አዙረሽ ዜሮ ላይ አድርጊው፤ ወጥ ቤቷም አጠገብሽ ቆማ ታንብበው።